የመድኃኒት ልክና የኅሊና ሚዛን

በአማርኛችን «መድኃኒት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይኖራል። በአንድ በኩል ከግዕዙ «ድኅነት» ጋር ከአንድ ሥር የወጣ በመሆኑ ፈውስን፣ መዳንን፣ ከጥፋት መትረፍን ያመለክታል፤ ጌታችንን «መድኃኔ ዓለም» ብለን የምንጠራውም በዚሁ ቃል ነው። በሌላ በኩል ግን «እገሌን መድኃኒት አበሉት» ሲባል የሰማ ሁሉ ሰውዬው ታከመ ሳይሆን ተመረዘ ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ይህ የቋንቋ ድህነት አይደለም። ኮሶ ሲጠጣ የኖረ ሕዝብ ያው ኮሶ በልኩ ሲሆን ትሉን እንደሚያስወጣ፣ ልኩ ሲያልፍ ግን ጠጪውን ራሱን እንደሚጎዳ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቀው ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የስዊስ ተወላጁ ሐኪም ፓራሴልሰስም ከዚሁ ሐሳብ ደርሶ፣ መርዝነት የሌለበት ነገር እንደሌለ፣ መርዙን ከመድኃኒቱ የሚለየው መጠኑ ብቻ እንደሆነ አስተምሯል።

እንግዲህ መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው ልኩ ከሆነ፣ ልኩን የሚያሰላው ሰው በእጁ የያዘው ቀላል ነገር አይደለም። የተማረው ሒሳብ ማካፈልና ማባዛት ብቻ ቢሆንም የስሌቱ ውጤት የሚጻፈው በሰው ሰውነት ላይ ነው። ከዚህም አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል፤ ክፉ ሳያስብ፣ ለመርዳት ብሎ፣ በስሌት ተሳስቶ ሰውን የጎዳ ሰው በኅሊናው ፊት በደለኛ ነውን? ካልሆነ ስለምን እንቅልፍ ያጣል? ከሆነስ በደሉ የቱ ላይ ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከአንባብያን ጋር ለመመርመር እንወዳለን።

የአንዲት ነርስ ጥያቄ

ጥያቄውን ያነሡልን በአንድ የገጠር ክሊኒክ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ ነርስ ናቸው። የነገሩን በኑዛዜ አይደለም፤ በክሊኒኩ በረንዳ ተቀምጠን ሲያጫውቱን ነው። «ለሌላው ትምህርት ከሆነ ይጻፉት፤ ስሜን ብቻ ይተውልኝ፣ አባ» ስላሉን እነሆ እንጽፈዋለን።

በአንድ ምሽት የአምስት ቀን ዕድሜ ያለው፣ አራት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ትኩሳት ይዞት፣ ጡት አልይዝም ብሎ ወደ ክሊኒኩ መጣ። ሕፃኑ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ጄንታማይሲን ነበር። በዚህ ዕድሜ ልኩ ለእያንዳንዱ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነውና ለዚህ ሕፃን 20 ሚሊ ግራም ይገባዋል። ክሊኒኩ ለዓመታት ሲጠቀምበት የኖረው የሕፃናቱ አምፑል በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም የያዘ ነበር፤ ስለዚህ ስሌቱ ስሌት መሆኑ ቀርቶ ልማድ ሆኗል፤ አራት ኪሎ ከሆነ አንድ አምፑል። በዚያ ሰሞን ግን የሕፃናቱ አምፑል አልቆ በምትኩ ለአዋቂዎች የሚሆነው መጥቶ ነበር። እርሱም በዚያው በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። አምፑሉ ያው አምፑል፣ ፈሳሹም ውኃ የመሰለ ያው ፈሳሽ ነው። ሲስተር እንደ ልማዳቸው አንዱን አምፑል ሙሉውን ቀዱ።

በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመት ያልሞላት ረዳታቸው የተጣለውን ባዶ አምፑል አንሥታ ጽሑፉን ካነበበች በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ይሄ ሰማንያው አይደለም እንዴ?» አለች።

«አባ፣ እውነቱን ልንገርዎ» አሉን ነርሷ፤ «በመጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና አልነበረም፤ ቁጣ ነው። በእናቲቱ ፊት ልታዋርደኝ ነው አልኩ። ‹አንቺ ትናንት ነው የመጣሽው› ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።» ነገር ግን ዓይናቸው አምፑሉ ላይ ወደቀ። መርፌውን አስቀመጡ። ወረቀት አውጥተው ሁለቱም ለየብቻ አሰሉት፤ የታዘዘው 20፣ ለተገኘው 80 ሲካፈል፣ በ2 ሚሊ ሊትር ሲባዛ፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ሆነ። በመርፌው ውስጥ የነበረው አራት እጥፍ ነው። ጄንታማይሲን ልኩን ሲያልፍ ኩላሊትንና የመስሚያን ነርቭ የሚጎዳ መድኃኒት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ሕፃኑ ግማሽ ሚሊ ሊትሩን ተወጋ፤ ሌላውም መድኃኒት ተሰጥቶት ከቀናት በኋላ ድኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ነርሷን እንቅልፍ የነሣቸው ግን ይህ ሕፃን አልነበረም። «ያን ሌሊት የቆጠረችልኝ ልጅ ነበረች» አሉን። «ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታትስ ማን ቆጠረልኝ? ደህና ሰጥቻለሁ ብዬ የሸኘኋቸው ስንቱ ናቸው? ኃጢአት አለብኝ ወይስ የለብኝም?»

ለዚህ ጥያቄ በዚያች ቅጽበት የሚበቃ መልስ አልነበረንም። በዘርዐ ክህነት የተማርነው የሥነ ምግባር ትምህርት ስለ ሐሳብና ስለ ፈቃድ ብዙ ያስተምራል፤ ስለ ሚሊ ሊትር ግን ዝም ይላል። በኋላ ግን ጉዳዩን ስንመረምረው ትምህርቱ ዝም ያለው እኛ በዚህ በኩል ስላልጠየቅነው እንደሆነ ተገነዘብን።

ቀላል የሚመስለው ስሌት

አስቀድመን ግን ጉዳዩን ከሩቅ የሚያይ አንባቢ «ማካፈልና ማባዛት ምን ያቅታል?» እንዳይል ስሌቱን ራሱን ጥቂት እንመልከት። ችግሩ ሒሳቡ ከባድ መሆኑ አይደለም። ችግሩ ስለ አንድ ነገር በብዙ ቋንቋ መነገሩ ነው። አንዱ ብልቃጥ ጥንካሬውን በሚሊ ግራም ይናገራል፤ ሌላው በመቶኛ፣ ሌላው በ«አንድ ለሺህ» ዓይነት ንጽጽር፣ ሌላው ደግሞ በዩኒት ይናገራል። ለማደንዘዣ የሚውለው ሊዶኬይን «2 በመቶ» ሲባል በ100 ሚሊ ሊትር 2 ግራም፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም አለው ማለት ነው። አድሬናሊን «1 ለ1,000» ሲባል በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ነው፤ «1 ለ10,000» ሲባል ግን የዚያ አንድ አሥረኛ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ መድኃኒቱ ይቀጥናል። በድንጋጤ ሰዓት፣ በእኩለ ሌሊት፣ በፋኖስ ብርሃን ይህን የሚያነብ ሰው ትልቁን ቁጥር የብርቱው መድኃኒት ምልክት አድርጎ ቢወስደው አያስደንቅም።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በወሊድ ሰዓት ደም ግፊቷ አሻቅቦ በሚያንቀጠቅጥ ሕመም የተያዘች እናት ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለ 50 በመቶ ሆኖ በ10 ሚሊ ሊትር አምፑል ነው፤ በአምፑሉ ውስጥ 5 ግራም አለ። በደም ሥር የሚሰጠው የመጀመሪያው 4 ግራም ስለሆነ 8 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ 12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ይጨመርበታል፤ ጠቅላላው 20 ሚሊ ሊትር፣ ጥንካሬውም 20 በመቶ ይሆናል፤ ከዚያም በዝግታ ይሰጣል። ልኩ ካነሰ እናቲቱ በሕመሙ ልትሞት ትችላለች፤ ልኩ ካለፈ ደግሞ አስቀድሞ የጉልበቷ ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎም ትንፋሽዋ ይቆማል። አስተዋይ አዋላጅ ጉልበቷን እየመታች የምትመረምረው፣ ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔትን አጠገቧ የምታስቀምጠው ስለዚህ ነው። በግራም ሞት፣ በቀኝም ሞት ባለበት መንገድ እናቲቱን የምታሻግራት ያች ስሌት ናት።

የአስርዮሽ ነጥብስ ምን ያህል ጠባብ ነገር ናት! 5 ለማለት «5.0» ብሎ የጻፈ ሐኪም ነጥቧ ካልታየች 50 አዝዟል። ግማሽ ለማለት «0.5» ሳይሆን «.5» ብሎ የጻፈ ነጥቧ ብትደበዝዝ 5 አዝዟል። በዚህም ምክንያት በዘርፉ የታወቀው ሥርዓት ከነጥብ በፊት ዜሮን አትተው፣ ከነጥብ በኋላ ዋጋ የሌለውን ዜሮ አትጻፍ የሚል ነው። የኢንሱሊን ዩኒትም በአንድ የላቲን ፊደል አጥሮ ሲጻፍ ዜሮ መስሎ እየተነበበ አሥር እጥፍ የተሰጠበት ጊዜ ስላለ ቃሉ ሙሉውን እንዲጻፍ ይመከራል። አንድ ቃል በሙሉ መጻፍ የአንዲት ሰከንድ ትዕግሥት ነው።

ስሕተትና በደል

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰው ባልንጀራውን የሚጎዳባቸውን መንገዶች ሲለይ፣ ማንም ሊጠብቀው የማይችለውን ጉዳት «አደጋ» ይለዋል፤ ክፋት ሳይኖርበት ግን ሊታሰብ የሚገባው ሳይታሰብ ቀርቶ የደረሰውን «ስሕተት» ይለዋል፤ ታውቆ የተደረገውን ደግሞ «በደል» ይለዋል። ሕፃኑ ከዚህ በፊት መድኃኒቱን ወስዶ ባያውቅና ሰውነቱ በድንገት ቢቆጣ አደጋ ነው። የአምፑሉ ጽሑፍ ሳይነበብ ቢቀርና ቢጎዳ ስሕተት ነው፤ ጽሑፉ በዚያ ነበረና።

ኦሪትም ይህን ልዩነት ታውቀዋለች። በዘዳግም መጽሐፍ እንጨት ሊቆርጥ ከባልንጀራው ጋር ወደ ዱር የወጣ ሰው ይታሰባል፤ ምሣሩ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። ይህ ሰው ጠላትነት ስላልነበረው ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲድን ሕጉ ያዝዛል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ጥቂት ምዕራፎች አለፍ ብሎ ሌላ ትእዛዝ እናገኛለን፤ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ለሰገነቱ መከታ ይሥራለት ይላል። እነዚህን ሁለት ትእዛዛት አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እጅ ከሰው ፈቃድ ውጭ ሊስት እንደሚችል አውቆ ይምራል። ሁለተኛው ግን ሰው ሊወድቅ እንደሚችል እያወቅህ መከታ ካልሠራህ የወደቀው ሰው ደም ያንተ ነው ይላል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሳያስቡት ስለሚደርስ የሰው ሞት ሲጽፍ ነገሩን በዚሁ ሚዛን ያስቀምጠዋል። የተፈቀደና መልካም ሥራ እየሠራ፣ የሚገባውን ጥንቃቄም አድርጎ ሳለ ሞት ቢደርስ ሠሪው የነፍስ ግድያ ዕዳ የለበትም፤ ሥራው መልካም ሆኖ ሳለ የሚገባውን ጥንቃቄ ካላደረገ ግን ከዕዳው አያመልጥም። እንግዲህ የሥራው ቅድስና ብቻ አይበቃም። በሽተኛን ማከም ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን የምሕረት ሥራ መሆኑ ስሌቱን አይሠራልንም።

ከዚህ ተነሥተን የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። በደሉ ያለው በቁጥሯ መሳት ውስጥ አይደለም፤ ከእርሷ በፊትና ከእርሷ በኋላ ነው። እጅ ይስታል፣ ዓይን ይደክማል፣ አእምሮ በለመደው መንገድ ይሄዳል፤ ይህ የሰውነታችን ድካም ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እንደምንስት እያወቅን ሳንመዝን በግምት ስንሰጥ፣ ጽሑፉን ለማንበብ ስንሰንፍ፣ ከኛ ታናሽ የሆነውን መጠየቅ ስናፍር፣ በዚህ ሁሉ ላይ ፈቃዳችን አለበት። ደግሞም ከተሳሳትን በኋላ ስንደብቅ በዚያም ፈቃዳችን አለበት።

ነርሷ በደለኛ ሊሆኑ የቀረቡት ሰማንያውን ሲቀዱ ብቻ አይመስለንም። «አንቺ ትናንት ነው የመጣሽው» ሊሉ አፋቸውን በከፈቱባት በዚያች ቅጽበት ይበልጥ ቀርበው ነበር። ቁጣቸው አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ስሕተት መሆኑ ይቀርና በደል ይሆን ነበር። በአገራችን ታናሽ ታላቁን ማረሙ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ይህ ባህል በገበታና በሸንጎ የራሱ ውበት አለው። በመርፌ አጠገብ ግን ሰው ይገድላል። ሁለተኛ ሰው እንዲቆጥር መለመን የዕውቀት ማነስ ምልክት ተደርጎ የሚታይ ከሆነ፣ ዕዳው የነርሷ ብቻ ሳይሆን እንደዚያ እንድታስብ ያደረግናት የሁላችን ነው። «ለአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረታችን ለዚህም ይስማማል። በሃያ ዓመት ልምድ የበረታች እጅም ቢሆን የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልጋታል።

የሰገነቱ መከታ

በሌላው ዓለም የደረሰ አንድ ነገር እዚህ ላይ ያስተምረናል። ሄፓሪን የደምን መርጋት የሚከለክል መድኃኒት ነው። በአራስ ሕፃናት ደም ሥር የገባው ቀጭን ቱቦ እንዳይደፈን በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ዩኒት ባለው ቀጭን ሄፓሪን ይታጠባል። ለአዋቂዎች የሚሆነው ብልቃጥ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር 10,000 ዩኒት የያዘ ነበር፤ ሁለቱም ብልቃጦች ትንንሽ፣ የሁለቱም ወረቀት ሰማያዊ መልክ ያለው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የአዋቂዎቹ ብልቃጥ በሕፃናቱ መሳቢያ ተቀመጠ፤ ስድስት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሺህ እጥፍ ተሰጣቸውና ሦስቱ ሞቱ። በዓመቱ በ2007 በሎስ አንጀለስ በሌላ ሆስፒታል ያው ስሕተት ተደገመና መንትያ አራሶች ያንኑ መድኃኒት ወሰዱ፤ እነርሱ ግን በሕይወት ተረፉ።

በሁለቱ ከተሞች የነበሩት ነርሶች ያደረጉት ነገር አንድ ነው። ሁሉም እጃቸውን ወደ ለመዱት መሳቢያ ሰደዱ። የአንዲቷ ሕፃን ሞተ፤ የሌላይቱ ዳነ። ታዲያ የመጀመሪያዋ ገዳይ፣ ሁለተኛዋ ንጹሕ ናትን? ሰው የሚፈርደው ዓይኑ ባየው ውጤት ነው፤ ኅሊና ግን እንዲህ ሊፈርድ አይችልም። ሁለቱም እኩል ጥንቃቄ አድርገው ከሆነ ወይም እኩል ቸል ብለው ከሆነ በኅሊና ፊት እኩል ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሐዘኑ ክብደት ነው። የኛም ነርስ ሕፃኑ ስለዳነ ብቻ ነገሩን አለመርሳታቸው ከዚህ የተነሣ ትክክል ነበር።

በሌላ በኩል ያው ስሕተት በሁለት ከተማ፣ በሁለት ዓመት፣ በማይተዋወቁ እጆች መደገሙ ነገሩ የአንዲት ሰነፍ ሴት ጉዳይ አለመሆኑን ያሳያል። ሰገነቱ መከታ አልነበረውም። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ታዋቂ ዘገባ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስሕተት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው እንደሚሞት ገምቶ፣ መፍትሔው ሰውን መውቀስ ብቻ ሳይሆን ስሕተትን የሚያስቸግር አሠራር መሥራት እንደሆነ አመልክቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መከታዎች ተሠርተዋል። ሳይቀጠን ቢሰጥ ልብን የሚያቆመው ብርቱው የፖታሲየም ክሎራይድ ብልቃጥ ከሕሙማን ክፍል መደርደሪያ እንዲወጣና በመድኃኒት ክፍል ብቻ እንዲጠበቅ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ አምራቾች ለሕፃናትና ለልጆች በሁለት ጥንካሬ ይሸጥ የነበረውን የፓራሲታሞል ፈሳሽ አንድ ጥንካሬ ብቻ እንዲሆን ተስማምተዋል። በ2016 ደግሞ በዚያው አገር «አንድ ለሺህ» የሚለው አጻጻፍ ከአድሬናሊን ብልቃጥ ተነሥቶ በሚሊ ግራም ብቻ እንዲጻፍ ሆኗል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት አሰጣጥ የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት በአምስት ዓመት በግማሽ ለመቀነስ ያለመ ጥሪ ለመንግሥታት አቅርቧል።

ለኛ ለድሆቹ ክሊኒኮች እነዚህ ሁሉ ሩቅ ይመስሉ ይሆናል። ነገር ግን ትክክለኛ የሕፃናት ሚዛን መግዛት፣ የስሌት ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ሁለቱን አምፑሎች በተለያየ መሳቢያ ማስቀመጥ፣ አዲስ ጥንካሬ ያለው መድኃኒት ሲመጣ ለሁሉም ማሳወቅ፣ ለሕፃን በሚሰጥ መርፌ ሁሉ ላይ ሁለት ሰው እንዲፈርም ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ክሊኒክ የምናስተዳድር ካህናትና ደናግል ቆርቆሮውንና ቀለሙን ከመቁጠራችን በፊት ይህን መቁጠር ይገባናል። ለጎብኚ የሚታይ ሕንጻ ሠርተን ለሚዛን ገንዘብ ያጣን እንደሆነ ቤት ሠርቶ መከታውን እንደረሳው ሰው ሆነናል።

በየቤታችን ያለው ስሌት

ይህ ነገር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። እናት ሁሉ በቤቷ መድኃኒት ታሰላለች። የልጆች የፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ሲኖረው፣ በጠብታ የሚሰጠው ግን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ሊኖረው ይችላል። ጠብታውን እንደ ሽሮፑ በሻይ ማንኪያ የሰጠች እናት ከአራት እጥፍ በላይ ሰጥታለች። የሻይ ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ ልዩነታቸው ሦስት እጥፍ ነው። በዱቄት መልክ የሚሸጠው አሞክሲሲሊን በብልቃጡ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ካልተሞላ በውስጡ ያለው ጥንካሬ የተጻፈው አይሆንም፤ ውኃው ሲያንስ ይበረታል፣ ሲበዛ ይቀጥናል። «በየስምንት ሰዓቱ» የተባለውን «በስምንት ሰዓት» ብሎ የሰማ አባት ደግሞ ለልጁ የሚሰጠው ከታዘዘው አንድ ሦስተኛውን ነው።

ስለ ማነስም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ሰው የሚፈራው የበዛውን ነው፤ ያነሰው ግን ድምፅ ሳያሰማ ይገድላል። ሕመሙን ሳያጠፋ ተሕዋሲያኑን ያለማምዳል፤ ነገ ያው መድኃኒት ለጎረቤት ልጅ አይሠራም። አንዲት ድኻ እናት ሁለት ልጆች ታመውባት፣ የገዛችው ግን አንድ ብልቃጥ ሆኖ፣ ለሁለቱ እኩል ስታካፍል ማን ይፈርድባታል? ስሌቷ የተሳሳተው ሒሳብ ስላላወቀች አይደለም፤ ከፍትሕ ጋር ስላልተገናኘች ነው። ሁለተኛውን ብልቃጥ ልንገዛላት እንችል የነበርን ሰዎች በዚያ ስሌት ውስጥ ድርሻ አለን።

እኛም ራሳችንን ከዚህ ውጭ አናደርግም። በወጣትነታችን በአንድ የገጠር ቁምስና ሳለን ከበጎ አድራጊዎች የተላከ መድኃኒት የሞላበት ቁም ሣጥን ነበረን። ሰው በሌሊት በራችንን ሲያንኳኳ ክኒኑን በዓይን ግምት ለሁለት ከፍለን፣ ሽሮፑን በቡና ሲኒ ቀድተን እንሰጥ ነበር፤ የአንድም ሕፃን ክብደት ጠይቀን አናውቅም። ሰው ይመርቀን ነበር፤ እኛም ምርቃቱን ተቀብለን ተኝተናል። ያን ጊዜ መልካም አሳብ ይበቃል ብለን እናምን ነበር። ነርሷ ጥያቄያቸውን ሲያነሡ ያ ቁም ሣጥን ትዝ ብሎን ነበርና ለመልስ የዘገየነው በዚህም ምክንያት ነው።

ከስሕተት በኋላ

የመጨረሻውና ከሁሉ የከበደው ነገር ስሕተት ከደረሰ በኋላ የሚሆነው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የተሳሳተ ባለሙያ ወዲያው ቢናገር ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነገር አለ፤ ማርከሻ ይሰጣል፣ በሽተኛው ይጠበቃል፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል። ቢደብቅ ግን ያ ሰዓት ያልፋል፤ ያው አምፑልም በዚያው መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ቀጣዩን ሕፃን ይጠብቃል። የሚናገረውን ሰው ወዲያው የምናዋርድና ከሥራ የምናባርር ከሆነ ደግሞ መደበቅን ያስተማርነው እኛ ነን። ስንፍናን እንለፈው ማለታችን አይደለም። ሳይመዝን የሰጠ፣ ተነግሮት ያልሰማ፣ ሰክሮ ሥራ የገባ ሊጠየቅ ይገባዋል። ድካም ያሳተውን ከዚህ ጋር አንድ ማድረግ ግን ምሣሩ የወለቀበትን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር መደመር ነው።

ለቤተሰቡም እውነቱን መንገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ስለ ካህናት የምንናገረው አለን። ሐዘን ቤት ስንገባ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እንላለን። ቃሉ እውነተኛ መጽናኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የሰው ቸልተኝነት የገደለውን ሕፃን በዚህ ቃል ስንሸፍን እግዚአብሔርን ባልሠራው ሥራ እንከስሰዋለን፤ እናቲቱ የሚገባትን እውነት እንነፍጋታለን፤ ያን ስሕተት ሊያርም የሚችለውንም ሰው ሸክሙን ሳይገላገል እናሰናብተዋለን። ሰው በሠራው ጥፋት ላይ የአምላክን ፈቃድ ክዳን ማድረግ የክህነት ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ነርሷን በሌላ ጊዜ ስናገኛቸው እንዲህ አልናቸው፤ ላለፉት ዓመታት እጅዎ በማያውቁት ስቶ ከሆነ ያ ድካም ነው፤ ለምሕረት ይተዉት። ሁለተኛ ዓይን መለመን ሲችሉ በኩራት ያልለመኑበት ቀን ካለ ግን እርሱን ይዘው ይምጡ፤ እርሱ ኑዛዜ አለው። ከእንግዲህ ወዲያ ደግሞ ዕዳዎ የሚከፈለው በእንቅልፍ ማጣት ሳይሆን በሁለተኛው ቆጠራ ነው። እርሳቸውም «የቆጠራውን ነገርማ ጀምረነዋል፣ አባ» አሉን። በክሊኒኩ በመድኃኒት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አሁን አንድ ደብተር አለ፤ ለሕፃን የሚሰጥ መርፌ ሁሉ ክብደቱ፣ ስሌቱና የሁለት ሰው ፊርማ ይጻፍበታል። የመጀመሪያውን ገጽ የፈረመችው ያች ወጣት ናት፤ ከእርሷ በታች ሲስተር ፈርመዋል።

ውድ አንባብያን፣ ባልንጀራን መውደድ ብዙ ጊዜ የሚታሰበን በትልልቅ ሥራዎች ነው፤ በመስጠት፣ በመጠየቅ፣ በማጽናናት። በመድኃኒት ፊት ግን ፍቅር ሚዛን ማንሣት፣ ጽሑፍ ማንበብ፣ «እስቲ አንቺም ቁጠሪው» ማለት ነው። ሐኪም ቤት ሄደን መድኃኒት ሲሰጠን «ስንት ነው? ለምን ያህል ክብደት ነው? በስንት ጊዜ ልዩነት ነው?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ፤ ባለሙያውም ጥያቄያችንን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሁለተኛ ዓይን ይቀበለው። የልጆቻችን ሕይወት የአንድ ሰው ብቻ ሸክም እንዳይሆን እግዚአብሔር ለሁላችን ማስተዋሉን ይስጠን።